ሁለተኛው እሺ

ወንድሜ ሃንዳካ ያንን ጥያቄ የጠየቀው የጎረሰውን ሩዝ አላምጦ ሳይጨርስ ነው። "እንግዲህ ቡዴ፣ መኪናው ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አብረን ወደ ታንገራንግ እንሄዳለን፤ ይስማማሉ አይደል?" አለና እጁን ወደ ተጠበሰው የአኩሪ አተር ቶፉ ሰደደ። ቡዴ ሱሚ የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው፤ ቡዴ የምንለው ታላቅ አክስትን ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሁለታችንንም ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የተወለዱትም ያረጁትም በዚህችው በሶሎ ከተማ፣ ሞተር ብስክሌት በጭንቅ በሚያልፍባት በዚህችው ጠባብ መንገድ፣ በዚህችው ቤት ውስጥ ነው። ማንኪያቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። "እሺ ልጄ" አሉ። ሲመልሱ ግን የሚያዩት እሱን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ረጋ ብለው፣ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ሳይታይ፣ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ እንደሚያይ ሰው አዩኝ። እኔ ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ ማማሰሌን ግን አልተውኩም።

"አየሽ፣ ደስ ብሏቸዋል" አለ ሃንዳካ ወደኔ ዞሮ። እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር። ከዚያ ከጃካርታ አጠገብ ስላለችው፣ እሱ ስለሚኖርባት ስለ ታንገራንግ ያወራ ጀመር፤ ቤቱ ሰፊ እንደሆነ፣ መስጊዱ ቅርብ እንደሆነ፣ መንትዮቹ "አያታችን መቼ ነው የምትመጣው?" እያሉ እንደሚጠይቁ። መንትዮቹ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ይህን ያህል ቃል አያይዘው የሚናገሩ አይመስለኝም። ሞግዚታቸው ለኢድ አገሯ ሄዳ በዚያው ቀርታለች፤ የሃንዳካ ሚስት ደግሞ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ገበታው ላይ ያነሳው ግን የለም። በኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ማድ ቤት ይቀራል፣ ወደ ሳሎን የሚቀርበው ፈገግታ ብቻ ነው። ቡዴም ፈገግ ብለው ሩዝ ጨመሩለት።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ከቤታችን ሦስት ክፍሎች መስኮት ያለው የፊተኛው፣ የቡዴ ክፍል ብቻ ነው። የኔ ከማድ ቤቱ ጀርባ ስለሆነ በቀን መብራት ይበራበታል፤ በዝናብ ወራት የኮምፒውተሬ ቦርሳ ሻጋታ ያወጣል። ሃንዳካ ከወር በፊት ደውሎ "ቡዴን ልወስዳቸው አስቤያለሁ፤ ምን ትያለሽ?" ሲለኝ "እሳቸው ካሉ" አልኩት፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ወዲያው ያሰብኩት ስለ መስኮቱ ነው። ባለፈው እሑድ ቡዴ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ቁርአን ሊቀሩ ሲወጡ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ከፓክ ጊዮ፣ አቶ ጊዮ እንደማለት ነው፣ ቢጫ ሜትር ተዋስኩና ክፍላቸውን ለካሁት። አልጋው ከወጣ ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ልክ ይገባል። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሦስት ትናንሽ ምልክቶች አደረግኩ። የጫማቸውን ድምፅ በር ላይ ስሰማ ተጣድፌ ወጣሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሜትሩን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ሞተሬን እየገፋሁ ስወጣ ፓክ ጊዮ ደጁ ላይ ሱሪ ይተረትራል። "ወኒንግ፣ ዛሬ ሜትሬን ካላመጣሽ ደንበኞቼን በክንዴ መለካቴ ነው" አለኝ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ። "የፓክ ላሩስ ሚስት ደግሞ በክንድ ልለካሽ ብላት ባሏ በክንዱ ይለካኛል።" ሳቅሁ። ማታ አመጣለሁ አልኩት። ቦርሳዬን ከላይ እስከ ታች በረበርኩ፤ የለም። ከመንገዱ ጫፍ ዞሬ ሳይ ቡዴ መስኮቱ ላይ ቆመው ለመሰናበት እጃቸውን አነሱ። ሁልጊዜም ያደርጉታል። ዛሬ ግን እጃቸው እስክሰወር ድረስ አልወረደም።

የምሠራበት ቢሮ ድሮ የጨርቅ መደብር በነበረ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ መደርደሪያዎቹ እንዳሉ ስለቀሩ የብል መከላከያ ካምፎር ይሸታል። ባለቤቷ ላኒ፣ እኛ የምንላት ሲ ላኒ፣ ታላቅ እህታችን እንደማለት ነው፤ አባቷ ጨርቅ ይሸጡበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ኮምፒውተር ደርድራ የሰው ስክሪን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ታዛውራለች። ሥራችን ይህ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ቁልፍ፣ የስም መጻፊያ ሳጥን፣ የቀን መምረጫ፣ ዝርዝር፣ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ሁሉ ሥራው ሳይዛነፍ በአዲስ ቋንቋ ይወጣል። አንድ በአንድ በእጅ መጻፍ ዕድሜ ስለማይበቃ ሲ ላኒ ራሷ የሠራችው ፕሮግራም አለ፤ ወፍጮው እንለዋለን። አሮጌው ከላይ ይገባል፣ አዲሱ ከታች ይወጣል። ለቡዴ አንድ ጊዜ ሳስረዳቸው "እንግዲያ ያለቀ ንድፍ ከተቀደደ ወረቀት ላይ ወደ አዲስ ጨርቅ መገልበጥ ነዋ" አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ባቲክ በሚባለው ጨርቅ ላይ በሰም ንድፍ ሲስሉ ኖረዋል። "ግን እኮ ልጄ፣ ሲገለብጡት ሁልጊዜ አንዲት ነጥብ ትቀራለች" ብለው ጨመሩ።

የዚህ ሳምንት እህላችን የአንድ ወረዳ ጤና ኬላዎች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ነው፤ ነርሶች ታብሌት ይዘው አቅመ ደካማ አረጋውያንን በየቤታቸው ሲጎበኙ የሚሞሉት። ቁልፉም ሳጥኑም ሲቆጠር ሁለት መቶ አሥራ አራት ዕቃ አለው፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እናስረክባለን። ወፍጮውን አስነሳሁና ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ውጪ ዝናቡ ጀመረ። ወፍጮው ሲፈጭ አሮጌውን ስክሪን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ያወጣና አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል፤ ልዩነት ካለ ቀይ ነጥብ ይታያል። ቁልፍ በቁልፍ ላይ ይመጣል፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ያርፋል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ይመጣል። ብዙ ካዩት ዓይን ይፈዛል። ከፊሌ ቢሮው ውስጥ ነው፣ ከፊሌ የፊት ክፍሉ ውስጥ። መስኮቱ ይመጣል፣ ጠረጴዛዬ ሥሩ ያርፋል፣ ልክ ይሆናል፣ ቀይ ነጥብ የለም። አልጋው የት እንደሄደ አልጠየቅኩም፤ በእንዲህ ዓይነቱ ሕልም ውስጥ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያየው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወፍጮው ቆመ። ሁሉም አረንጓዴ። ከታች ግን አንዲት ቢጫ መስመር አለች፤ "ዕቃ ቁጥር መቶ ሰባ ስምንት፤ አንድ ንክኪ ተርፏል" ትላለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ነርሶች በአሮጌው ስክሪን ላይ ሲሠሩ የተቀዳ ንክኪ አለን፤ ያንኑ በአዲሱ ላይ እናጫውተዋለን፤ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ላይ በተራው ሁሉም መክፈት መዝጋት አለበት። እዚህ ላይ አሮጌው ሁለት ጊዜ የተነካውን አዲሱ በአንድ ጊዜ ጨርሶታል፤ ሁለተኛዋ ንክኪ ባዶ ስክሪን ላይ አረፈች።

አሮጌውን ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ በትልልቅ ፊደል "የቤት ለቤት ጉብኝቱ እንዲቀርልዎ ይስማማሉ?" ይላል፤ ሥሩ "እሺ" እና "አይ" አሉ። "እሺ"ን ነካሁ። ስክሪኑ ጠፋና አንድ የሻይ ብርጭቆ ሥዕል መጣ። ቁልፍ የለውም፣ ጽሑፍ የለውም፤ በእጅ የተሳለ ብርጭቆ ብቻ። ተበላሸ ብዬ ልዘጋው ስል፣ አሥር ሴኮንድ ያህል ቆይቶ፣ ያው ጥያቄ በዚያው ፊደል ተመልሶ መጣ። እንደገና "እሺ" አልኩ፤ አለቀ። ወፍጮው ሁለት አንድ ዓይነት ጥያቄ ተከታትሎ ሲያገኝ አንዱን ጣለው፤ ሥዕሉም ምንም ስለማይሠራ አብሮት ተጣለ። ተንኮል የለበትም፤ የተማረውን ነው ያደረገው። ኮዱን ገልጬ ሳነብ ከላይ ማስታወሻ አገኘሁ፤ ወፍጮው ማስታወሻ አያነብም። "ይህን አትቀንሱት። ለምን እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁኝ። ሱዳርማጂ" ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ሲ ላኒ ከኋላዬ ቆማ ማንጎዋን ትበላለች። "ምን ይላል?" አለች።

"ሁለቴ ይጠይቃል። ወፍጮው አንዱን ጥሎታል።"

"ጎሽ ወፍጮው። ደንበኛው ራሱ ንክኪ ይቀነስልን አይደል ያለው? አሮጌውን የጻፈው ሰውዬ ሲያንቀላፋ ደግሞ ጽፎት ይሆናል።"

"ሥዕል ስሎበታል እኮ ሲ። ሰው ሲያንቀላፋ ሻይ ይስላል?"

"የኔ ባል ሲያንቀላፋ የሒሳብ መምህሩን ስም ይጠራል" አለችና ማንጎዋን ይዛ ሄደች። "ደውዪ ካልሽ ደውዪ። ስምንት ሰዓት ግን ስምንት ሰዓት ነው።"

ስልኩ ይሠራል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ፤ ከሰው ድምፅ በፊት የወፍ ዜማ መጣ፤ ብዙ ወፍ፣ አንዱ ከሌላው እየተሻማ። ፓክ ሱዳርማጂ ጡረታ ወጥተው እዚሁ ቅርብ ክላተን በምትባል ከተማ ውስጥ ወፍ እንደሚያረቡ በኋላ ነገሩኝ። ስሜን ነገርኳቸው፤ ቁጥራቸውን ከኮዳቸው ውስጥ እንዳገኘሁ አስረዳሁ። ከዚያ "አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅኩ እኮ" አሉ። "ማንም አልደወለም። አሁን ስንት ሰዓት ነው? ምሳ በልተሻል?"

"አዎ ፓክ፣ በልቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ወፎቹ ብቻ ይሰማሉ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ፤ ሃሎ ልል ስል በዚያው በመጀመሪያው ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳይለውጡ፣ "ምሳ በልተሻል?" አሉኝ።

ሩዜ በሙዝ ቅጠል እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከመንገድ ዳር በአሥር ሺህ ሩፒያ የገዛሁት፤ ገና አልፈታሁትም። "አልበላሁም" አልኩ።

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወፎቹን አስነሳ። "ይኸው። እሱን ነው የጻፍኩት።"

ከዚያ የነገሩኝ ይህን ነው። ፕሮግራሙ ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ከተራራው ሥር ካለ መንደር አንድ ሽማግሌ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ቁስላቸውን በየሳምንቱ ነርስ እየሄደች የምታጥብላቸው፣ "እንዲቀርልዎ ይስማማሉ?" ሲባሉ እሺን ነኩ። ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ አወጣቸው። አራት ወር ማንም ደጃቸውን አልረገጠም፤ እሳቸውም አልጠሩም፤ እሺ ብለዋላ። ሲደረስ እግራቸው ከጉልበት በታች የሚድን አልነበረም። "እኔ ራሴ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው" አሉ ፓክ ሱዳርማጂ። "ለምን እሺ አሉ አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ልጅቷ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር፤ ደክሟት ነበር፤ ዳግመኛ ይህን ዳገት አትውጣ ብዬ ነው' አሉኝ። ልጄ፣ በኛ አገር የመጀመሪያው እሺ የጠያቂው ነው። ሰው ላሳዘነው ሰው የሚሰጠው ነው። የራሱ መልስ የሚመጣው ሻዩን ጠጥቶ ነው። ይህን ማሽን እንዴት አድርጌ ላስተምረው? ዝም ብዬ ሻይ ሳልኩበት።"

ለሲ ላኒ ነገርኳት። ማንጎው ካለቀ ቆይቷል፤ ፍሬውን በእጇ ይዛ ቆማ ሰማችኝ። "የኔ አያትም እግር ተቆርጧል" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ፍሬውን ጣለች። "በእጅሽ ጻፊው። ስምንት ሰዓት ድረስ። ደንበኛው ንክኪ በዛ ካለ እኔ እጣላዋለሁ።"

ወፍጮ የጣለውን በእጅ ማንሳት ቀላል አይደለም። አዲሱ ቋንቋ ችኩል ነው፤ ባዶ ጊዜ አይወድም፤ አሥር ሴኮንድ ምንም ሳይሠራ ቁጭ በል ሲሉት ሰበብ ይፈልጋል። ታገልኩት። ሩዜን በአንድ እጄ እየበላሁ ብርጭቆውን ከአሮጌው ላይ ነጥብ በነጥብ ገለበጥኩት። ለስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሞከርኩት። ጥያቄው መጣ፤ እሺን ነካሁ፤ ሻዩ መጣ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ያቺ አሥር ሴኮንድ ረጅም ናት። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል፣ ብርጭቆው አለ፣ ሌላ የለም። እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ስኳሩ የሟሟ ሻይ ሲማሰል ሰማሁ። እኔ ነኝ የማማስለው። ከሻዩ ማዶ ቡዴ ተቀምጠው "እሺ ልጄ" ይላሉ፤ የሚያዩትም እኔን ነው። ጠዋት ያ አስተያየት እርጂኝ ማለት እንደሆነ ገብቶኝ፣ እንዳልገባኝ ሆኜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ስክሪኑ ጥያቄውን መልሶ አመጣ። እሳቸውን ግን መልሶ የጠየቃቸው የለም።

ሥራውን አስረክቤ፣ የዝናብ ልብሴን ገልብጬ ለብሼ ስወጣ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። መደወል ይቻል ነበር፤ የቤቱን ስልክ የሚያነሳው ግን ሃንዳካ ነው፤ ቡዴ ደግሞ ስልክ ላይ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የሚሉት። ዋናው ጎዳና ላይ ስደርስ ደወሉ ተደወለ። በከተማችን ባቡር በጎዳናው ጠርዝ ነው የሚያልፈው፤ ሰው እየተራመደ ሊቀድመው ይችላል። በሞተር፣ በጋሪ፣ በእግር ያለነው ሁሉ ቆምን። ባቡሩ በዝናቡ ውስጥ ዝም ብሎ መጣ። መስኮቶቹ በርተዋል፤ በየመስኮቱ አንድ ፊት አለ፤ የሚያንቀላፋ፣ ልጅ የታቀፈ፣ ጭጋጉን በጣቱ የሚጠርግ። አንዱ መስኮት ያልፋል፣ ሌላው በቦታው ይመጣል። የማየውን ፊት ሁሉ ቡዴን አደርገዋለሁ፤ ሁሉም ፈገግ ብለው፣ ሁሉም እሺ ብለው የሚሄዱ። አጠገቤ የቆመው ባለጋሪ "አይዞሽ፣ የትም አይሄድብሽም" አለኝ፤ ምን አይቶብኝ እንደሆነ አላውቅም።

እኛ አገር መኪና ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም፤ አስር ሰዓት ካሉ አስራ አንድ ነው። የዛሬው ሚኒባስ ግን ከዘጠኝ ተኩል በፊት መጥቶ የመንገዳችንን አፍ ዘግቶ ቆሟል። ተሳፋሪ ከየቤቱ እየለቀመ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ ሦስት ሰዎች ገብተውበታል። ሃንዳካ ዝናብ ላይ ሆኖ ካርቶን ይጭናል፤ ሾፌሩ ጃንጥላ ሥር ሆኖ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት ሲጋራውን ያጨሳል። ቡዴ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ ስመረቅ የገዙትን ጫማ አድርገዋል፤ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በሩን ከፈትኩና ደረጃው ላይ ቁጢጥ አልኩ፤ ሽማግሌን ከላይ ሆኖ ማናገር አልለመድንም።

"ቡዴ" አልኩ። "መሄድ ይፈልጋሉ?"

"እሺ ብለዋል እኮ" አለ ሃንዳካ ካርቶኑን እንደያዘ። "ጠዋት ቁጭ ብለሽ ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ። እንደገና እየጠየቅኳቸው ነው።"

"ወኒንግ፣ ሰው አታስጠብቂ። ነውር ነው።"

ከኋላ ወንበር አንዲት ወፍራም ሴትዮ ቅርጫታቸውን አቅፈው "ይጠየቁ እንጂ" አሉ። "እኔን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ይኸው ጃካርታ የምመላለሰው።"

ቡዴ አልመለሱም። እኔም አልደገምኩም። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት። ውሃው በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል። ሰባት ላይ ስደርስ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከውስጡ በላስቲክ የታሰረ ነገር አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቢጫ ሜትር።

"ይህ የፓክ ጊዮ ነው" አሉ። "እሑድ ዕለት ከአልጋዬ ሥር ነው ያገኘሁት። እዚህ ብተወው ማን ይመልስለታል፣ ብወስደው በምን ልኬ እያልኩ ስጨነቅ ነበር።"

መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር።

"ጠዋት እሺ ያልኩት ላንቺ ነው" አሉ ቡዴ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት የለም። "ወንድምሽማ ሩዙን ነበር የሚበላው። መስኮቱ ሥር ያንን ምልክት ሳይ፣ ልጄ በዚያ ጨለማ ክፍል ዓይኗ እየጠፋ ነው፣ አፍ አውጥታ ልታስቸግረኝ አልፈለገችም አልኩ። እሺ ካልኩ ይቀላታል ብዬ ነው።" ቦርሳቸውን ዘጉ። "አሁን የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ ወይስ ሜትሩ?"

"እኔ ነኝ ቡዴ።"

"እንግዲያው ያንን ካርቶን አውርዱልኝ" አሉ።

ሃንዳካ ካርቶኑን እንደያዘ ቆመ። ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ መጥቶ እንደገና ሊጓዝ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቡዴ አዩት። ያን ጊዜ እውነቴን ነው የምለው ፈራሁ። ደክሞታል፤ ያሳዝናል፤ ሊያዝኑለት ነው። "ቡዴ፣ እኔ ምን ላድርግ?" አለ። "ሚስቴ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ልጆቹን የሚይዝልኝ ሰው የለም። ከእርስዎ ሌላ ማንን ላምን?"

"ይህን ነበር ጠዋት የሚባለው" አሉ ቡዴ። እጃቸውን አውጥተው እርጥብ ጉንጩን ነኩት። "ጠዋት ብትለኝ ኖሮ አብረን እንመክርበት ነበር። አሁንም እንመክራለን፤ ሰው እንፈልግልሃለን፤ የጎረቤታችን የሚቲ ልጅ ሥራ ፈልጋ ተቀምጣለች። አያታቸው ግን ቤቷ እዚህ ነው፤ ለኢድ ይዘሃቸው ና።" ጫማቸውን አስተካክለው እጄን ይዘው ወረዱ። ሴትዮዋ ቅርጫታቸውን ወደ ባዶው ወንበር አዛወሩት።

ሚኒባሱ ሃንዳካን ይዞ ከሄደ በኋላ ሜትሩን ለፓክ ጊዮ መለስኩ። "ታዲያ ምን ለካሽበት?" አለኝ። "ምንም" አልኩት፤ መልሶ ስላልጠየቀኝ አመሰገንኩት። ስገባ ቡዴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ላጲስ አመጣሁና መስኮቱ ሥር ተንበረከክሁ። ይቅር ይበሉኝ ልል አስቤ ነበር፤ እንዴት እንደሚጀመር አልመጣልኝም፤ ዝም ብዬ ፈገፈግኩ። የመጀመሪያዋ ምልክት ጠፋች። ሁለተኛዋም ጠፋች። ሦስተኛዋን ግን ያን ዕለት የጫማቸውን ድምፅ ስሰማ በድንጋጤ ተጭኛት ኖሮ፣ እርሳሱ ኖራው ውስጥ ገብቷል። ብፈገፍግ ብፈገፍግ ግድግዳው ተላጠ እንጂ እሷ አልለቀቀችም።

"ተያት፣ እጅሽ ይላጣል" አሉ ቡዴ። ተነስተው ከበሩ ጀርባ የቀን መቁጠሪያቸውን አወረዱ፤ ምስማር ፈልገው በጫማቸው ተረከዝ መቱና ምልክቷ ላይ ሰቀሉት። ቀጥ ማለቱን ራቅ ብለው አዩ። "ጠረጴዛሽን ነገ አምጪውና ከአልጋዬ እግርጌ እንሞክረው" አሉ።

"እሺ ቡዴ" አልኩ።

ዞረው አዩኝ፤ ምንም ሳይሉ፣ ደግሜ እስክመልስ ድረስ ጠበቁ።